በበር ያልገባው አቧራ

እህቶቼ፣ የጨንቻ ማርያም ማኅበርተኞች፣ እንደምን ከረማችሁልኝ? እኔ በእመቤታችን ጸሎት ደኅና ነኝ። ሰመራም እንደ ወትሮዋ ትነድዳለች። «ላሊበላ ከደረስሽ ያየሽውን አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልን፤ እኛ በዚህ ጉልበታችን አንደርስም» ብላችሁኝ ነበርና ይኸው ተመለስሁ፣ እግሬን ታጠብሁ፣ ተቀመጥሁ። የጠየቃችሁኝን እምነትም፣ ያን የተቀደሰ አፈር፣ በጨርቅ ቋጥሬ ከዚህ ጋር ልኬላችኋለሁ። አደራ፣ ወረቀቱ ተነብቦ ሳያልቅ ቋጠሮውን አትፍቱት። ለምን እንደሆነ ቦታው ስደርስ ይገባችኋል።

ስለ ሥራዬ አስረድቻችሁ አላውቅም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጠራጊ ሆንሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ ከእውነትም አልራቀም። ስልኩም ኢንተርኔቱም ዛሬ የሚሄደው ከጠጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ፣ በብርሃን ነው። ክሮቹ የሚገናኙበት የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ እኛ ካቢኔት እንለዋለን። በክሩ ጫፍ ላይ ዓይን የማያያት አንዲት ቅንጣት አቧራ ከተቀመጠች ብርሃኑ ይታገዳል፤ አገር ሙሉ «ኔትወርክ የለም» ይላል። የኔ እንጀራ ያቺን ቅንጣት ማስወጣት፣ ወጥታም እንዳትመለስ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ነው። ጨንቻ ሳለሁ አቧራን በወጉ አላውቀውም ነበር፤ የኛ አገር ጭጋግ አፈሩን ከመሬት አያስነሣውም። ሰመራ ግን ምሳዬን እንኳ በአንድ እጄ ከድኜ ነው የምበላው።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከሰመራ ወልድያ

አለቃዬ አፋር ነው፤ ብዙ አይናገርም። ከመነሣቴ በፊት ጠራኝና «በላስታ ደጋ ያለው ጣቢያ በዚህ በጋ ደጋግሞ ጠፋብን። የሄደው ሁሉ 'አቧራ ነው' ብሎ ይመለሳል። ቤቱን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። በሩን እየከፈቱ አቧራ የሚያስገቡት እሳቸው ከሆኑ ሌላ ጥበቃ እንቀጥራለን። አይተሽ ንገሪኝ። አንቺ የምትዪውን አምናለሁ» አለኝ።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከሻንጣዬ ሁሉ ከበደችኝ። የማላውቃቸው ሰው ጉርሻ በእጄ ተቀመጠ ማለት ነው። የመንደራቸውን ስም የማልጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው፤ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው አቅጣጫ እንደሆነ ይብቃችሁ።

ሾፌሩ ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ አፉ ከመኪናው ይፈጥናል። «የዘንድሮ መንገድ እንደ በሽተኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት 'እንዴት አደረ?' ተብሎ ይጠየቃል» ይላል። እውነትም ወልድያ ደውሎ «ደኅና አድሯል» ካላሉት ሞተር አያስነሣም። ዕቃዬን፣ ብሩሹን፣ መምጠጫ ማሽኑን፣ የመስታወት ጫፍ የማይበትን ትንሿን ማጉያ፣ ሁሉንም በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልዬ ሲያይ «ሙሽራ ነው የምንወስደው?» አለኝ።

ጭፍራ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። በዚያ ሜዳ ላይ ከየት እንደመጣች ያላየናት አንዲት የአፋር እናት የግመል ወተት ይዛልን መጣች። የነቢያት ጾም ላይ ነበርንና በልቤ እያመሰገንሁ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንቢ አልሁ። ሰይድ የራሱንም የኔንም ጠጣና አፉን ጠርጎ «ጾምሽን እግዜር ይቀበልልሽ፤ ወተቱን እኔ ተቀብዬልሻለሁ» አለ። ሴትዮዋ ቋንቋችንን ሳትሰማ ሳቀች።

ወልድያ ስንቃረብ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ የማጽጃ አልኮል ጠርሙሴን ከፍቶ አሸተተና ዓይኑ በራ።

«አረቄ ነው?»

«የለም ወንድሜ፣ የመስታወት ማጽጃ ነው።»

«መስታወት ይህን ይጠጣል? እኛስ ምን በደልን?»

ሰይድ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ተዋት ወንድምዓለም፣ እሷ ውኃም በስንት ጸሎት ነው የምትጠጣው።» ፈታሹ እየሳቀ ከድኖ መለሰልኝ፤ ክዳኑን ግን በእጁ ይዞት ስለነበር እንደገና አጸዳሁት። ይህች ጠባዬ መቼም አትለቀኝም።

ያደርንበት ፔንሲዮን ቧንቧው ደርቆ ነበር። ባለቤቷ ያልጠየቅኋትን የራሷን ጀሪካን ይዛ መጣችና «ለፊትሽ ነው፣ ለእግርሽ ላሊበላ ይጠብቅሽ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

ሁለተኛው ቀን፤ ከወልድያ ላሊበላ

የድልብን ዳገት ስንወጣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የምንወጣው መንገድ ትዝ አለኝ። ያው ጥምዝምዝ ነው፤ ያው ብርድ በመስኮት ይገባል። የኛ ዳገት ግን ጫፉ ላይ ቀርከሃና ጭጋግ ይቀበላችኋል፤ እዚህ የሚቀበላችሁ ሰማይ ብቻ ነው። ከላይ ሜዳው የታጨደ ገብስ ነው፤ በየአውድማው በሬ ይዞራል፤ ገለባው ወደ ላይ ሲበተን ፀሐይ ውስጥ እንደ ወርቅ ጭስ ይቆማል። ሰው ሁሉ «ማርያም ማርያም» እያለ የሚያልፈውን ውበት እኔ እያየሁ «ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ካቢኔት ውስጥ ሊገባ ነው» እያልሁ እሰጋ ነበር። ሥራ ዓይንን ያበላሻል።

ጋሸና ላይ ከቆን ገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች አጠገብ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ወዲያ የገና ተጓዦች ጀመሩ። ነጭ ለብሰው፣ በትር ይዘው፣ ስንቃቸውን አዝለው ዳሩን ዳሩን ይሄዳሉ። ወሩን ሙሉ የተጓዙ አሉ ተባልን። መኪናችን ባለፈ ቁጥር አቧራው ይሸፍናቸዋል። ሰይድን ለምኜ ቀስ አስባልሁት፤ አልፎም ቆመ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸው ቡናማ ሆኖ ሲደርሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ይቅር ይበሉን እናቴ፣ አቧራ አለበስናችሁ» አልኋቸው።

«ተይው ልጄ» አሉኝ ሳይቆሙ። «ንጹሕ እግር ይዞ ላሊበላ የሚገባ ሰው ምን ሊሉት ነው?»

ቀድመን ያስያዝነው ሆቴል ክፍላችንን ለሌላ ሰጥቶ ጠበቀን። ዘበኛው አዝኖልን እማማ ትርንጎ ወደሚባሉ የመሪጌታ ባልቴት ቤት መራን። እሳቸውም «ግቡ፣ ግቡ» አሉና ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ ገበቴ በለብ ያለ ውኃ ሞልተው ከፊቴ በርከክ አሉ። ደነገጥሁ። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ።

«እማማ፣ በመኪና ነው የመጣሁት! እግሬ ንጹሕ ነው!»

«በመኪናስ ብትመጪ እንግዳ አይደለሽም? አምጪው።»

ጫማዬን ሲያወልቁ ካልሲዬ ሥር እንኳ አቧራ ነበረ። ጣት በጣት አጠቡኝ፤ ሲጨርሱ እግሬን ስመው ቀና አሉ። ቀጥለው ወደ ሰይድ ዞሩ። ሰይድ ወደ በሩ አፈገፈገ። «እማማ፣ ኧረ እኔ ሙስሊም ነኝ!»

«አቧራው ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» አሉት። «ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ያ ቀልደኛ ሰው ውኃው እግሩን ሲነካው አንገቱን ደፋ። በኋላ የባቄላ እልበትና የገብስ እንጀራ አቀረቡልን፤ በላን። የጠጣበትን ጣሳ እንኳ ሲመልስ «አላህ ይስጥልኝ» ያለው እንደ ሹክሹክታ ነበር። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እሳት አጠገብ እናስቀምጠዋለን፤ እዚህ አቧራውን ይቀበሉታል። እኔ ዕድሜዬን ከበር የምመልሰውን ነገር እማማ ትርንጎ በእጃቸው ተቀበሉት።

ሦስተኛው ቀን፤ ላሊበላና መንደሩ

ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ለማድረስ ከእማማ ትርንጎ ጋር ወጣሁ። አብያተ ክርስቲያናቱን ልግለጽላችሁ ብል ቃሌ አይበቃም፤ በሥዕል አይታችኋቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሜ ወደ ታች አየሁት። ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ፣ ጣራው ከእግሬ ሥር ሆኖ ቆሟል። እኔ አንዲት ቀዳዳ በግድግዳ ላይ ስበሳ ቤቱን ሁሉ በላስቲክ አለብሳለሁ፤ ከአንዲቷ ቀዳዳ የሚወጣው ብናኝ ቀኑን ሙሉ ሲያስጠርገኝ ይውላል። እዚህ ተራራ ተፈልፍሏል። ታዲያ ያ ሁሉ ብናኝ የት ሄደ? የሠራተኛ ጥያቄ ነው፤ ግን እንዲያ ቆሜ ሳስበው ጸሎት ሆነብኝ።

«እማማ፣ አቧራው የት ገባ?» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንቱን መንገደኛ ተቀብያለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ የለም። ቀን ሰው ሲፈለፍል ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይባላል። ማታ የሚሠራ ሰው ካለ ጠዋት የሚጠርግም አይጠፋም።» ከዚያ ወደ ሥራዬ ገፉኝ። «ሂጂ፣ ያንቺን ጥረጊ።»

መንደሩ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ጣቢያው ቆርቆሮ ክዳን ያላት ትንሽ የብሎኬት ቤት ናት፤ ከአጠገቧ አውድማ አለ፤ ሰዎች ገብሱን በመንሽ ወደ ነፋሱ ያነሣሉ። ያንን ስመለከት ልቤ ወረደ። ጥበቃው፣ አያ መርሻ፣ ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጫጫ ሰው ናቸው። የለበሱት ጥቁር የሱፍ ባና ከጉልበታቸው በላይ ቀርቷል፤ በልጅነታቸው የተገዛ ይመስላል።

«ደኅና ዋሉ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ገባሽ ልጄ? ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ? ሴት ናት አላሉኝም።»

«ቅር አለዎት?»

«እሱን ገብተሽ ስትወጪ እነግርሻለሁ» አሉና ቁልፋቸውን አወጡ።

እኔ እንደ ልማዴ ደጁ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ዕቃ ወዳለበት ቤት በጫማ አልገባም፤ ግማሹን አቧራ የሚያስገባው የባለሙያ ጫማ ነው። አያ መርሻ ቁልፉን በሩ ውስጥ እንዳደረጉ እግሬን አዩ። ከፈቱልኝ።

እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል። ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ በጭቃና በጨርቅ ተደፍኗል። የካቢኔቱ በር ጎማ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ያለቀ ነው፤ በጎማው ፈንታ ግን ዙሪያውን ጥቁር የሱፍ ጥብጣብ ተጠቅጥቆበታል። በጣቴ ነካሁትና ዞሬ የአያ መርሻን ባና አየሁ። ያጠረው ለካ ለዚህ ነው። የራሳቸውን ልብስ እየቀደዱ በሩን ሞልተውታል። የዚያ ሁሉ አውድማ ገለባ ከዚያች ሱፍ አላለፈም።

ካቢኔቱን ከፈትሁ። ውስጡ አቧራ ነበረ።

የገለባ አቧራ ቢጫ ነው፤ የመንገዱ ቡናማ ነው። ይህ ነጣ ያለ፣ ዱቄት የመሰለ፣ የለሰለሰ ነው። ማራገቢያው ላይ፣ ክሮቹ ላይ፣ በየሶኬቱ አፍ ሁሉ ተቀምጧል። ባትሪዬን ወደ ላይ አበራሁ። ከማራገቢያው ጀርባ አንዲት ትንሽ የነጠላ ቋጠሮ በክር ተንጠልጥላለች። ማራገቢያው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዱቄቷን እንደ ወንፊት ትነዛለች።

«አያ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ኧረ እሱን አትንኪው! እስካሁን ያቆመው እሱ ነው!»

«ግን ምንድን ነው?»

«የይምርሐነ ክርስቶስ እምነት ነዋ» አሉኝ፤ ይህንን የማያውቅ ሰው እንዳለ እየገረማቸው። «ቀዩ መብራት ሲበራ የመጣው ልጅ 'ታሟል' አለኝ። ሲታመም ምን አደርገዋለሁ? ሐኪም አይደለሁ። በጻድቁ ንግሥ ሄጄ፣ ከቦታው ዘግኜ አመጣሁለት። መጀመሪያ ቀባሁትና . . .»

«ቀቡት? የት ላይ?»

«ግንባሩ ላይ። መብራቱ ያለበት ላይ።»

ሰይድ ከደጅ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ አልሳቅሁም። እኛስ ለታመመ ልጅ እንዲሁ አይደል የምናደርገው?

«ከኔ በፊት የመጡት ይህን አላዩትም?»

«እነሱ ሲመጡ አወርደዋለሁ። በጫማቸው እየገቡ፣ ሲጋራ በያዙበት እጅ እንዳይነኩት። ሲሄዱ እመልሰዋለሁ።»

«ዛሬስ ለምን አላወረዱትም?»

«ጫማሽን ስታወልቂ አየሁ» አሉ አያ መርሻ። «ተውሁት።»

ልንገራቸው? ግን ሳልነግራቸው ሥራዬን እንዴት ልሥራ? ማጉያዋን አንዱ ክር ጫፍ ላይ አድርጌ እንዲያዩ ጠራኋቸው። ጥርት ያለ ክብ መስታወት መሆን ሲገባው መሐሉ ላይ ቅንጣቶች ተጠቅጥቀውበታል፤ ባለሙያዎቹም አቧራውን ሳያጸዱ በነቀሉና በሰኩ ቁጥር ይበልጥ ወደ ውስጥ ፈጭተውታል። አያ መርሻ ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት?»

«አልሞተም አያ። ይድናል።»

«ከውጭ ያለውን ሁሉ ዘግቼ» አሉ ባናቸውን እየጨበጡ፣ «በእጄ አስገባሁት?»

ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። በኋላ፣ ምሽቱ ሳይገባ፣ የሚያስጨንቀኝን ጥያቄ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። «ላለቆችሽ ምን ትያቸዋለሽ? ሌላ ጥበቃ ሊቀጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ።»

«ጎማው ተሰንጥቋል እላለሁ። ውሸት አይደለም።»

«ውሸት አይደለም» አሉ አያ መርሻ። «ያ ግን አይደለም ያጠፋው።»

አራተኛው ቀን፤ ማጽዳቱ

ካቢኔት ተከፍቶ ገብስ ከተነሣ ሁሉም ከንቱ ነው። ወደ አውድማው ሄጄ ገበሬዎቹን ለመንኋቸው። አንዱ በመንሹ ተደግፎ ነፋሱን በፊቱ አዳመጠ። ነፋስ የእግዚአብሔር ነው፤ ዛሬ ከነፈሰ ነገ ላይነፍስ ይችላል፤ ምን እንደጠየቅሁት አውቄዋለሁ።

«ስልካችን ነው የታመመው?»

«አዎ።»

«በቃ በሬዎቹን ብቻ እናዞራለን፤ አናነሣም። ልጄ ከሳውዲ ስትደውል ድምፅዋ እየተቆራረጠ 'አባባ አባባ' ብቻ ነው የምሰማው። ሌላውንም ቃል ልስማ።»

ቀኑን ሙሉ አንድ መንሽ ገለባ አላነሡም።

ሌላው ጭንቀቴ ግን ነበረ። መምጠጫ ማሽኔ የሚውጠው ሁሉ በከረጢት ሆኖ ቆሻሻ ላይ ይጣላል። የተቀደሰ ቦታ አፈር፣ እንዴት አድርጌ? ማሽኑን ወደ መኪናው መለስሁት። ያልተነካ አዲስ ብሩሽ ነበረኝ፤ አንዲት ነጭ ጨርቅ ከሥር አነጠፍሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ከላይ ወደ ታች ጀመርሁ። ከላይ ወደ ታች ነው ደንቡ፤ አለዚያ ያጸዳሽው ላይ ያላጸዳሽው ይወርዳል። በአፍ መንፋት ክልክል ነው። በማሽን አንድ ሰዓት የማይፈጀው ሥራ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አቆየኝ። ክሮቹን ጫፍ በጫፍ በአልኮል አበስሁ፤ በማጉያ አየሁ፤ ያልጠራውን ደገምሁ። ማጣሪያውን ለወጥሁ። የአያ መርሻን ሱፍ ግን አላነሣሁትም፤ አራግፌ በቦታው መለስሁት። ጎማ እስኪመጣ ከሱ የተሻለ የለኝም።

መጨረሻ ላይ ሰካሁ። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ አረንጓዴው በራ። ከአውድማው «ገባ! ገባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ስልካቸውን ይዘው ሲጠብቁ ውለዋል ለካ። ብዙ ጊዜ ይህን አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቀን ግን አላየሁም። ነጩ ጨርቅ ላይ እፍኝ የማትሞላ አፈር ናት ያለችው። አገር ዝም ያሰኘችው እሷ ናት፤ ሰው በእግሩ ወር ተጉዞ የሚፈልጋትም እሷው ናት። ማንን እንደምፈራ ሳላውቅ ፈራሁ።

አለቃዬ ጋ ደወልሁ። «ጎማው . . .» ብዬ ስጀምር አያ መርሻ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልኩን አምጪው ልጄ።»

«አያ፣ ግድ የለዎትም፣ እኔ . . .»

«አምጪው። በኔ ምክንያት ምላስሽ አይቆሽሽ።»

ሰጠኋቸው። ቆመው፣ ባናቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሸንጎ ፊት ተናገሩ። እምነቱን ከየት እንዳመጡ፣ የት እንዳንጠለጠሉ፣ ባለሙያ ሲመጣ እንዴት እንደሚያወርዱ፣ አንድም ሳያስቀሩ። «ታመመ ብለውኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የልጅቱ አይደለም፤ የበሩም አይደለም» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

እኔም ባናቸውን እየቀደዱ በሩን እንደሞሉት ነገርሁት። አለቃዬ «ነገ እደውላለሁ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

አምስተኛው ቀን፤ ይምርሐነ ክርስቶስ

አፈሩን ምን ላድርገው? ወደመጣበት ልመልሰው ቆረጥሁ። አያ መርሻ «እኔም ልምጣ» አሉ። ሰይድ መኪና እስከሚገባበት አደረሰንና ጥላ ሥር ቀረ። ቀሪውን በጽድ ደኑ መሐል በእግራችን ወጣን። ስልኬን በየመታጠፊያው አወጣለሁ፤ አያ መርሻ ያዩኛል፤ አይጠይቁኝም።

ሰፊ ዋሻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በውስጡ ተሠርቷል። አንድ ረድፍ ነጭ ኖራ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ እንዲህ እየተደራረበ። ወለሉ ሥር ባሕር አለ ይላሉ። ከጀርባ በኩል፣ ከሩቅ መጥተው እዚያው ለመሞት የመረጡ ሰዎች አጽም አለ። ውጭ ነፋስ ይጮኻል፤ ውስጥ የጧፍ ነበልባል አይወዛወዝም። ግድግዳውን እንደ ባለሙያ አየሁት። ይህን የሚያህል ዘመን ዝናብ አልነካውም፤ የሚገርመውም ይኼ ነው፣ በጎማና በሙጫ የምደክምበትን ነገር እግዚአብሔር በአንድ ዋሻ ሠርቶታል። ለረጅም ጊዜ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥሁ። እናንተን ሁላችሁንም በስም ጠራሁ።

ሸምገል ያሉ ካህን መጡ። ተሳለምሁና ጨርቁን ዘርግቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። «አባ፣ ከሌላ አቧራ ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም። የቱ የተቀደሰው፣ የቱ የመንገዱ እንደሆነ አላውቅም።»

«ከዚህ የወጣውስ ምን ነበር?» አሉ። «የመጣው ሰው ሁሉ በእግሩ ያመጣው አፈር አይደለም? እዚህ ሲደርስ ነው የተቀደሰው።» ግማሹን ከቦታው መለሱ፤ ግማሹን ቋጥረው ሰጡኝ። ከዚያ ወደ አያ መርሻ ዞሩ። «አንተ ደግሞ! ለዕቃው ጸልይለት፣ ደግ ነው። አፈሩን ግን ለሰው ተውለት። ብረት ግንባር የለውም።»

«ይፍቱኝ አባ» አሉ አያ መርሻ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው።

ስንወርድ ጫፉ ላይ፣ ሰማዩ በተከፈተበት፣ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። አያ መርሻ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆሙ። ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው።

«አያቴ ከሼኹ መቃብር አፈር በጨርቅ ቋጥራ በአንገቷ ትይዝ ነበር» አለ አለቃዬ። «ሰው ሲታመም አውጥታ ትቀባዋለች። እኔም ተቀብቼ ነው ያደግሁት። ትናንት ቶሎ የዘጋሁት እሷን አስታውሼ ነው።»

«እሺ . . .» አልሁ።

«ሽማግሌው ቢዋሹኝ ኖሮ ዛሬ ይሰናበቱ ነበር። ልብሱን ቀድዶ በር የሚዘጋ፣ ያጠፋውንም በራሱ አፍ የሚነግረኝ ጥበቃ ሌላ ቦታ የለኝም። ይቆዩ። ጎማም፣ ባናም እልካለሁ። ያ ነገር ግን ከበሩ ውጭ ይንጠልጠል።»

አያ መርሻ ወደ እኔ አልዞሩም። የባናቸውን ጫፍ አንሥተው ፊታቸውን አበሱ። «ነፋስ ነው» አሉ። «አቧራ ዓይኔ ገባ።»

ሲመሽ ላሊበላ ስንደርስ እማማ ትርንጎ ገበቴውን ሞልተው ጠበቁን። ያን ቀን አልተከራከርሁም። እግሬን ዘረጋሁ።

ይኸው ነው እህቶቼ። ቋጠሮው ውስጥ ያለው ከዚያ ካቢኔት በብሩሽ ያወጣሁት፣ ካህኑም ባርከው የመለሱልኝ አፈር ነው። አያ መርሻ ስንመለስ ከሱ ያካፈልኋቸውን ድርሻ በበሩ ጉበን ላይ፣ ነፋሱ ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል አንጠልጥለውታል፤ ሦስት ጊዜ ቦታ አስቀይረውኛል፣ «ከዚህስ ይገባ ይሆን?» እያሉ። አሁን ፍቱት። ነፋስ በሌለበት ይሁን። እንባ ከመጣባችሁ ፊታችሁን ዞር አድርጉ፤ ስልካችሁንም አርቁልኝ።